የምድጃው ጣሪያ የረገፈው በማን ጥፋት ነው?

ይህን ጥያቄ በኢንተርኔት መድረክ ላይ አንሥቶ ክሩን፣ ማለትም የውይይቱን ሰንሰለት፣ የከፈተው ሰው የጥገና ኃላፊ ነው። ጽሑፉ አጭር፣ ንዴቱ ረጅም። በኤሌክትሪክ አርክ፣ በአየር ውስጥ በሚዘል የኤሌክትሪክ ነበልባል፣ የሚሠራ የአረብ ብረት ማቅለጫ ምድጃ አላቸው። ምድጃው ለጥገና በቆመበት ሰሞን የጣሪያውን መሃል፣ ዴልታ የሚሉትን፣ ተቋራጭ አዲስ አፈሰሰላቸው። ዴልታ ሦስቱ የግራፋይት ኤሌክትሮዶች፣ ኤሌክትሪኩን የሚያስገቡት ዘንጎች፣ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ያሉበት ክፍል ነው። የቀረውን ጣሪያ በቱቦ ውስጥ የሚዞር ውኃ ያቀዘቅዘዋል። መሃሉ ግን ብረት መሆን አይችልም፤ ኤሌክትሪኩ ከኤሌክትሮዱ ወደ ጣሪያው ይዘላል። ስለዚህ እሳት ከሚችል ካስተብል ይሠራል፤ እንደ ኮንክሪት ተቦክቶ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ነገር ነው።

የቀድሞው ዴልታ ከ200 ዙር በላይ አገልግሏል፤ አንድ ዙር አንድ ማቅለጥ ነው። ይኼኛው በ9ኛው ዙር ትሪ የሚያህል ቁራጭ ጣለ። 40 ዙር ሳይሞላው ተነሥቶ ተጣለ። ተቋራጩ ጥፋቱን ሊያደርቁት አቻኩለው ያሞቁት የፋብሪካው ሰዎች ላይ ያሳብባል። የፋብሪካው ሰዎች ደግሞ ተቋራጩ ውኃ አብዝቶ እንዳቦካው ይምላሉ። ሰውየው የጠየቀው በሚቀጥለው ጥገና ተቋራጩን አሰናብቶ የራሱን ቡድን ቢያቋቁም ይሻል እንደሆነ ነው። ከጽሑፉ ሥር የማሞቂያውን መዝገብ ሦስት ገጽ ፎቶ አንሥቶ ለጥፏል። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ሥራዬ የጥገና ዕቅድ ማውጣት ነው። ከተቋራጭም ከምርት ክፍልም ጋር ስነታረክ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ክሩን በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። 43 መልስ አለው። ሁሉንም አልተርክም፤ ብዙው አብሮ ማዘን ነው።

የመጀመሪያው መልስ፣ ቁጥር 1፣ ጨዋ ነው። መጀመሪያ አዝኖ ከዚያ ይጠይቃል። ዴልታን ብዙ አቅራቢዎች በራሳቸው ግቢ አፍስሰው፣ በራሳቸው ማድረቂያ አድርቀው ያመጡታል፤ ፋብሪካው በክሬን አንሥቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ታዲያ ቦታው ላይ ማፍሰስን ምን አመጣው? የክሩ ባለቤት በቁጥር 2 መለሰ። የታዘዘው ዘግይቶባቸው ነበር፤ ለጥገናው የተሰጠው ጊዜ ደግሞ 8 ቀን ብቻ ነው። አማራጭ ስላልነበረ ምድጃው አጠገብ ወለል ላይ አፈሰሱት። እኔ እዚህ ላይ ቆም አልኩ። 8 ቀን የሚለውን ቁጥር ያስታውሱት።

ቁጥር 3 ራሱ ምድጃ ላይ የሚሠራ ነው። ተቋራጩንም ቡኮውንም ትቶ ስላጉን፣ ቀልጦ ከብረቱ በላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ፣ እንዲያዩ መከረ። ካርቦንና ኦክስጅን ሲነፋበት ስላጉ አረፋ ሆኖ ይነሣና አርኩን ይውጠዋል፤ ግድግዳውና ጣሪያው ጥላ ያገኛሉ። አረፋው ካልተነሣ አርኩ ራቁቱን ይቀራል፤ ሙቀቱም ወደ ላይ ነው የሚገርፈው። በእሱ ምድጃ አንድ ወር የካርቦን መንፊያው ተበላሽቶ ሦስት ዴልታ እንደበላባቸው ጻፈ። ባለቤቱ አመስግኖ በእነሱ ዘንድ የስላጉ አሠራር እንዳልተቀየረ ነገረው።

ቁጥር 4 ተቋራጭ ነው፤ ጨዋነቱ እዚህ አበቃ። ስድስት ቀን የሚፈልግ ሥራ በሦስት ቀን ያስጨርሱናል፣ ከዚያ በኋላ ጥፋተኛ ይሉናል ነው ነገሩ። አንድ ጊዜ ቅርጹ ገና ሳይፈታ ክሬኑ ከላያቸው መጥቶ እንደቆመ፣ የክሬኑ ሹፌርም ጥሩምባውን እየነፋ እንዳጣደፋቸው ተረከ። ማንን እንደሚሳደብ አልገባኝም፤ ሹፌሩን ይመስለኛል።

ከዚያ ወሬው ወደ ገንዘብ ዞረ። ቁጥር 5 ግዥ ክፍል ነው የሚሠራው። ተቋራጭ በገባው ዕቃ ክብደት ከተከፈለው ትርፉ ያለው የምድጃው የውስጥ ሽፋን ቶሎ ሲያልቅ ነው የሚል ክርክር አነሣ። በፈሰሰው ብረት ቶን ከተከፈለው ግን ሽፋኑ በቆየ ቁጥር እሱ ያተርፋል። ቁጥር 4 ወዲያው ተመልሶ በቁጥር 6 ገባ። በቶን ከተከፈለው የኦፕሬተሩን ኃጢአት ሁሉ እሱ ይከፍላል፤ 1,620 ዲግሪ ላይ መቅዳት የነበረባቸው ሰዎች 1,700 አድርሰው ሲቀዱ ጡቡን ማን ነው የሚበላው? ቁጥር 7 ሁለቱንም ዓይነት ውል ያስተዳደረች መሐንዲስ ናት፤ ሁለቱንም ዝም አሰኘቻቸው። የቶን ውል የሚሠራው ሁለቱም ወገን አንድ ቁጥር ሲያዩ ብቻ ነው። እነሱ ዘንድ የግድግዳው ውፍረት በሌዘር ይለካል፣ የእያንዳንዱ ዙር መቅጃ ሙቀት ይመዘገባል፣ ከተስማሙበት የሙቀት ወሰን ያለፈው ዙር ከተቋራጩ ዕዳ ላይ ይቀነሳል። ከዚያ ወዲህ ስብሰባቸው ከሁለት ሰዓት ወደ ሃያ ደቂቃ ወርዷል። እኔ ይህን መልስ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ።

ቁጥር 8ን የጻፉት ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው። ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ምድጃ ውስጥ ተንበርክከው ጡብ ሲደረድሩ ነው የጨረሱት። ለባለቤቱ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ውኃው የተለካው በምን ነበር? ዘመናዊው ካስተብል ሲሚንቶው ትንሽ ነው፤ ውኃውም ከክብደቱ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ለአንድ ቶን 50 ሊትር መሆኑ ነው። እንደዚያ የተቦካ ነገር ደረቅ ይመስላል። አካፋ ላይ አይፈስም፣ ንዝረት ሲያገኝ ነው የሚተኛው። አዲስ ልጅ ያየውና ይጨንቀዋል፤ ማንም ሳያየው አንድ ባልዲ ይጨምርበታል። 20 ሊትር በአንድ ቶን ላይ 2 በመቶ ነው። ቡኮው ያኔ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል፤ ሥራው ይቀላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ውኃው ሲወጣ ግን ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ጥንካሬው ይወርዳል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ብለው የተረቱት እዚህ ላይ ነው። እሳቸው ባልዲው ላይ በመጋዝ ምልክት አድርገው፣ ከምልክቱ በላይ ቀዳዳ ይበሱበታል። ልጁ ቢፈልግ እንኳ መጨመር አይችልም። ባለቤቱ ባልዲው ምልክት እንደሌለው አምኖ ጻፈ። በቦታው የነበሩት የፋብሪካው ሰዎች የሚያስታውሱት ቡኮው ለስላሳ እንደነበር ነው።

ነገሩ ያለቀ መሰለ። ከቁጥር 9 እስከ 11 ያሉት ተቋራጩ ላይ ፈረዱ፤ አንዱ እንዲያውም ገንዘብ ማስመለሻ ደብዳቤ አረቀቀለት።

ቁጥር 12 ደግሞ ነገሩን ወደ ማሞቂያው መለሰው። የውኃው ብዛት ብቻውን ቁራጭ አይጥልም፤ የሚጥለው የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ 1,600 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ከውስጥ መውጫ ያጣ እንፋሎት ሽፋኑን እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል፤ አንዳንዴ በፍንዳታ፣ አንዳንዴ ድምፅ ሳያሰማ። ድምፅ የሌለው ነው የሚያታልለው፤ ስንጥቁ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከጥቂት ዙር በኋላ ይወድቃል። ስለዚህ በሰዓት 25 ዲግሪ ገደማ እየጨመሩ መውጣት ነው፤ 110 አካባቢ ነፃው ውኃ እስኪያልቅ፣ 350 አካባቢ ደግሞ ሲሚንቶው ውስጥ የታሰረው እስኪለቅ ቆሞ መጠበቅ። ዱቄቱ ውስጥ የሚታዩት ቀጫጭን የፕላስቲክ ክሮችም ለዚሁ የገቡ ናቸው፤ ከ160 ዲግሪ በላይ ቀልጠው ለእንፋሎቱ መንገድ ይተዋሉ። ሰውየው በዚህ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ማንኛውም የምድጃ ሽፋን ቀስ ብሎ ነው መሞቅ ያለበት ብሎ ደመደመ።

ይኼ ማንኛውም የሚለው ቃል ጉድ አፈላ። ቁጥር 13 ላድል፣ የቀለጠ ብረት የሚቀዳበትን ትልቅ ባልዲ፣ በጡብ የሚገነባ ልጅ ነው፤ በጨዋ ቋንቋ አረመው። ማግኒዥያና ካርቦን የተቀላቀለበት ጡብ ተቃራኒው ነው። ካርቦኑ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ጀምሮ አየር ካገኘ ይቃጠላል። እዚያ ሙቀት ላይ ቀኑን ሙሉ ያቆዩት ጡብ ፊቱ ነጭ ሆኖ ይለሰልሳል፤ ብረት ሳይነካው በጥፍር ይፋቃል። እሱን ቶሎ ማለፍ ነው። ቁጥር 12 አልተቀበለም፤ እልህ ገባ። ቁጥር 14 የወጣቱን ዕድሜ ጠቀሰ። ቁጥር 15 የቁጥር 14ን ትምህርት ጠቀሰ። ጋሼ በቁጥር 16 ልጁ ልክ መሆኑን በሁለት መስመር ጽፈው አስታረቋቸው። አክለውም ጡቡ ከመሞቁ በፊትም ጠላት እንዳለው አስታወሱ። ማግኒዥያ ውኃ ከነካው እየተለወጠ ከሁለት እጥፍ በላይ ያብጣል። አንድ ቦታ ሸራው የተቀደደ ክምር ገልጠው ያገኙት ጡብ ሳይሆን ነጭ ዱቄት ነበር፤ አካፋ አምጥተው አፈሱት።

ውኃ የሚለው ቃል ሲደጋገም ክሩ መንገዱን ሳተ። ቁጥር 18 ስለ ዌልሱ የፖርት ታልቦት ብረት ፋብሪካ አነሣ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2001 እዚያ አንድ ምድጃ ፈነዳ፤ ከማቀዝቀዣው ያመለጠ ውኃ ከውስጡ ትኩስ ነገር ጋር ተገናኝቶ ነው። ሙሉው ምድጃ ከመቀመጫው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ተነሣ። 3 ሠራተኞች ሞቱ፤ ሌሎች ክፉኛ ቆሰሉ። ቁጥር 19 ያ ማዕድን የሚቀልጥበት ብላስት ፈርነስ እንጂ አርክ አለመሆኑን አረመ፤ ልክ ነው። ቁጥር 20 ደግሞ ውኃ የምድጃውን ዓይነት አይጠይቅም ሲል መለሰለት፤ እሱም ልክ ነው። ቱቦው ሲያፈስ ያዩ ሁሉ መጀመሪያ ኃይሉን ማጥፋት፣ ውኃውን መዝጋት፣ ሰው ማራቅ እንጂ ምድጃውን ማዘንበል እንደሌለባቸው አንድ ሦስት ሰው ተቀባበሉት። ውኃ ቀልጦ ባለ ብረት ላይ ሲተኛ እየተነነ ይሄዳል፤ ብረቱ ተናውጦ ከሸፈነው ግን መውጫ የለውም።

ቁጥር 22 የክሩ ጸጥታ ነው። ጸሐፊው አሮጌ ጡብ በመዶሻ የሚያፈርስ ቡድን ይመራል። ላድሎች ከታች አርጎን የሚባል ጋዝ የሚነፋባቸው ቀዳዳ አላቸው። አንድ ቀን ቫልቩ ተዘግቷል ተብሎ ሰው ወደ ውስጥ ወረደ። ቫልቩ ተዘግቶ ነበር፤ ግን ያሾልክ ነበር። አርጎን ከአየር ይከብዳል፣ አይሸትም፣ አይታይም፤ ላድል ውስጥ እንደ ውኃ ይተኛል። ልጁ መሰላሉ ሥር እንደደረሰ ተቀመጠ። ከላይ ያዩት ያረፈ መሰላቸው። ወገቡ ላይ ገመድ ስለነበረ ጎትተው አወጡት፤ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ቫልቭ ተዘጋ ቢሉት አይሰማም። ቱቦው ራሱ ተፈትቶ ጫፉን በእጁ ካልያዘ፣ የአየር መለኪያውም በገመድ ታች ድረስ ወርዶ ካልተመለሰ ማንንም አያስገባም። የፋብሪካው ፎርማን በዚህ ምክንያት አርባ ደቂቃ ጠፋብኝ ብሎ ቅሬታ አቅርቦበታል። ከሥሩ ማንም አልቀለደም። ቁጥር 23 ብቻ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ጓጉንቸር ማብሪያው ላይ ቆልፎ እንዲገባ፣ የተቋራጩም ሰው ቢሆን ቁልፉን በኪሱ ይዞ እንዲሠራ ጨመረ። ቁጥር 24 ስለ ሲሊካ አቧራ ጻፈ፤ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ለዚያ አቧራ ምንም እንደማያደርግለት።

ከዚህ በኋላ ታሪክ ወዳድ አይጠፋም። ቁጥር 26 ስለ ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ ረጅም ነገር ጻፈ። ለንደን ውስጥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው፤ ኬሚስትሪ ማታ ማታ ይማር ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻ ከአጎቱ ልጅ ጋር ሆኖ የምድጃውን የውስጥ ሽፋን ከሲሊካ ወደ ዶሎማይት፣ የኖራ ድንጋይ መሰል ድንጋይ፣ ቀየረው። ያኔ ፎስፈረስ ያለበት ማዕድን ሁሉ የማይረባ ነበር፤ ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል። ሽፋኑ ሲቀየር ኖራ መጨመር ተቻለ፤ ፎስፈረሱም ወደ ስላጉ ገባ። ስላጉም ተፈጭቶ ማዳበሪያ ሆኖ ተሸጠ። ቁጥር 27 ይኼ ለተጠየቀው ጥያቄ ምን እንደሚፈይድ በቁጣ ጠየቀ። አለመፈየዱ እውነት ነው። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ ሽፋን ዕቃ ብቻ ለሚመስለው ሰው ሁሉ ማስነበብ ነው።

ቁጥር 30 ተቋራጮችን በጅምላ ሌባ ብሎ ሰደበ። ቁጥር 31 የፋብሪካ መሐንዲሶችን በጅምላ ሰነፍ አለ። የመድረኩ አስተናባሪ ሁለት መልስ አጥፍቶ አስጠነቀቀ። እነዚያን ሁለቱን አላየኋቸውም፤ ከቀሩት አንጻር መገመት ይቻላል።

ወደ መነሻው ጥያቄ የመለሰን ቁጥር 33 ነው፤ የራሱን ቡድን አንድ ጊዜ አቋቁሞ ያፈረሰ ሰው ነው። ትልቁ ግንባታ ጎርፍ ነው፤ ለአሥር ቀን አርባ ሰው ይፈልጋል፣ ከዚያ ለወራት ማንንም አይፈልግም። አርባ ግንበኛ ቀጥሮ ማስቀመጥ አይቻልም። የተቀጠሩት ጥቂቶችም በዓመት አንዴ የሚሠሩትን እጃቸው ይረሳዋል፤ ተቋራጩ ግን ከምድጃ ምድጃ ሲዞር በየወሩ ይሠራዋል። የየቀኑ ግን ሌላ ነው። በዙርና በዙር መካከል የተበላ ቦታ ላይ ማግኒዥያ መርጨት፣ ትኩሱ ቦታ ላይ መድፈን፣ መለካት፣ ይኼ የቤቱ ሰው ሥራ ነው። ያየሁት የተሻለ መልስ ይኼ ነው። ጥያቄውን ግን አልዘጋውም፤ ባለቤቱ አሁንም የሚፈልገው ጥፋተኛ ነበር።

ቁጥር 38 ከዚያ በፊት ምንም ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው። ፎቶውን አጉልቶ አየው። ሁለተኛው ገጽ የሌሊቱ ፈረቃ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በየሰዓቱ አንድ መስመር። ሙቀቱ ከ250 ተነሥቶ 275፣ 300፣ 325 እያለ 450 ይደርሳል። አንድም ቦታ 273 ወይም 331 የሚል የለም። በርነር፣ በነዳጅ የሚነድ ማሞቂያ፣ እንደዚህ አይወጣም፤ ነፋስ ይነካዋል፣ ነዳጁ ይዋዥቃል። ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ግፊት፣ የ7 ቁጥሮቹ ሁሉ ወገባቸው ላይ በተመሳሳይ ጭረት ተጽፈዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ 350 ላይ አይቆምም። ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 350 ነበር፤ 9 ሰዓት ላይ 375። የጻፈው ሰው እዚያ መቆም እንዳለበት እንኳ አልተነገረውም። ገጹ ሌሊቱን ሳይሆን ጠዋት ላይ፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ መሆኑን በትሕትና ጠቁሞ ወጣ። ፊርማው የማን እንደሆነም ጠየቀ።

ሦስት ቀን ዝምታ ሆነ። ከዚያ ባለቤቱ በቁጥር 41 ተመለሰ። ሙቀቱን የሚለካው ቴርሞካፕል የተገናኘበት መመዝገቢያ መሣሪያ ውስጡ ማስታወሻ አለው፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም ነበር። ከፈተው። በርነሩ እኩለ ሌሊት ላይ ጠፍቶ ከሦስት ሰዓት በላይ ማንም ሳያየው ቆይቷል። ዴልታው ወደ 190 ወርዷል። ሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተለኩሶ በሁለት ሰዓት ውስጥ 450 እንዲደርስ ተደርጓል፤ ጠዋት ክሬኑ እየጠበቀ ነበርና። መዝገቡን የፈረመው የፋብሪካው የፈረቃ ሰው ነው። የተቋራጩ ሰዎች ቅርጹን ፈትተው በዋዜማው ከቀትር በኋላ ሄደዋል፤ መሄድም ነበረባቸው። ውሉ ማፍሰስና ቅርጽ መፍታት ይላል። ማድረቅ የሚል ቃል ለማንም አልተሰጠም። ውሉን ያረቀቀው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። 8 ቀኑን ለመሙላት የማድረቂያውን መስመር ከተቋራጩ ዝርዝር ላይ የሰረዘው እሱ፣ በራሱ እጅ ነው። የባልዲው ነገር አሁንም አልታወቀም፤ ቡኮው ለስላሳ ነበር የሚሉት ሰዎች ዛሬም እንደዚያው ይላሉ።

ጋሼ በቁጥር 42 አልፈረዱበትም። የጠየቁት በርነሩ እሳቱ ሲጠፋ የሚጮህ ዓይን አለው ወይ ብለው ብቻ ነው። ዓይን ከሌለው አንድ ሰው ወንበር ይዞ አጠገቡ እንዲቀመጥ፣ ወንበሩም የማይመች እንዲሆን መከሩ።

ቁጥር 43 የተነሣው ዴልታ የፈሰሰበት የብረት ቅርጽ የሚሸጥ እንደሆነ ይጠይቃል። እስካሁን የመለሰለት የለም።